«ጎገለ» (በጎግል ፈለገ) ግስ መሆን ይችላል ወይ?

ይችላል። «ጎግል ስም ስለሆነ ጎገለ ማለት ስሕተት ነው» ያለህ ባልደረባህ ተሳስቷል። «መርዝ»ን «መረዘ»፣ «ዘመን»ን «አዘመነ» ያልነው በዚሁ መንገድ ነው። «መነኮሰ» እንኳ ሥሩ የግሪክ ስም ነው፤ ዛሬ ባዕድ ነው የሚል የለም።

በራስህ ለመፈተን፦

1. የባዕዱን ቃል ተነባቢዎች ቁጠር። ሦስት ወይም አራት ከሆኑ ይረባል፤ ማለትም እንደ ግስ መልኩን ይለዋውጣል። «ዳውንሎድ» ስለሚበዛበት «ዳውንሎድ አደረገ» ይባላል፤ «ሼር» ደግሞ ስለሚያንሰው «ሼር አደረገ»።
2. የሚመስለውን ነባር ግስ ፈልገህ አብረህ አርባው፦ ጎተተ፣ ይጎትታል፣ ጎትቶ፣ መጎተት፤ ጎገለ፣ ይጎግላል፣ ጎግሎ፣ መጎገል። ምንም አልተሰበረም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ አዲሱ ግስ በነባር ቃል ላይ እንዳይወድቅ። «ቴክስት»ን በዚህ መንገድ ብታረባው «ተከሰተ» ይሆንና አንባቢህ «ሆነ፣ ታየ» ብሎ ይረዳሃል። እዚያ ላይ «መልእክት ላከ» በል።

ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤም «በጎግል ፈለገ» ይሻላል። «ጎገለ» ስሕተት ሆኖ ሳይሆን ገና የንግግር ቃል ስለሆነ ነው።