በአንድ ወረቀት ላይ የሁለት ሰው ኑዛዜ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለሕግ አምድ አዘጋጅ። ባለቤቴ 71 ዓመታቸው ነው። ዓምና ደም ግፊታቸው ተነሥቶ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ አእምሯቸው ግን እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነው። ከተጋባን በኋላ ጉለሌ የሠራነው ቤት አለን። አብረን ሁለት ልጆች ወልደናል፤ እርሳቸው ከእኔ በፊት የወለዱት አንድ ልጅም አላቸው። ባለፈው ጥር ጎረቤቶች ጠርተን በአንድ ወረቀት ላይ ሁለታችንም ተናዘዝን። «ቀድሞ የሞተው ድርሻ በሕይወት ላለው ይሁን» አልን፤ ለ20 ዓመት ላገለገለችን ሠራተኛችንም 50,000 ብር አደረግንላት። አራት ምስክሮች ፈርመዋል፤ አንዷ ራሷ ሠራተኛችን ናት። አሜሪካ ያለው ልጃችን ግን «ኑዛዜ ምን ያደርግላችኋል፤ ውክልና ስጡኝና ሁሉንም እኔ እጨርሰዋለሁ» ይላል። ምን ይሻለናል?
ወ/ሮ መ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወይዘሮ መ.፣ ከደብዳቤዎ ጋር የላኩትን የወረቀቱን ፎቶግራፍ ተመልክተነዋል። ባለመስመር የደብተር ወረቀት ነው፤ ከላይ የሁለታችሁ ስም ጎን ለጎን ሰፍሯል፤ ከታች የእርስዎ ፊርማ፣ የባለቤትዎ የጣት አሻራና የአራቱ ምስክሮች ፊርማ ይታያል። በቅን ልብ የተሠራ መሆኑ ከእያንዳንዱ መስመር ይነበባል፤ በሕግ ፊት ግን አይጸናም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 858 ብዙ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ የሚያደርጉትን ኑዛዜ ዋጋ ያሳጣዋል። ኑዛዜ የአንድ ሰው ብቻ የሆነ ፈቃድ ነው፤ ተናዛዡ እስኪሞት ድረስ ማንንም ሳያስፈቅድ ሊለውጠው ወይም ሊሽረው ይችላል፤ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ሲታሰሩ ግን ይህ ነጻነት ይጠፋል። በፍቅር ለኖሩ ሰዎች ይህ ክልከላ የሚያስከፋ ሊመስል እንደሚችል እንረዳለን፤ መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም፤ ሁለት ወረቀት ነው።

በምስክሮች ፊት የሚደረግ ኑዛዜ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ጽሑፉ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑም በኑዛዜው ውስጥ መገለጽ፣ ሁሉም እዚያው ወዲያውኑ መፈረም ይኖርባቸዋል። በእናንተ ወረቀት ላይ «ተነበበ» የሚል ቃል የለም፤ በችሎት ብዙ ክርክር የሚነሣው በእንዲህ ያለች አንዲት ቃል ጉድለት ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ፣ ማለትም ሰነድ የሚያረጋግጥ ሹም፣ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ስለሚበቁ፣ በተለይ እጃቸው ለማይታዘዝ ለባለቤትዎ፣ ኑዛዜውን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት በኩል ማድረጉን አጥብቀን እንመክራለን፤ የጣት አሻራው የማን ነው የሚለውም ክርክር ከሥሩ ይደርቃል።

የሠራተኛችሁ ነገር እኛንም አሳዝኖናል። በኑዛዜ ላይ ምስክር ሆኖ ለፈረመ ሰው በዚያው ኑዛዜ የተደረገለትን ስጦታ ፍርድ ቤት ሊቀንሰው ወይም ሊሽረው ይችላል፤ ወረቀቱ በሌላው ሁሉ የተሟላ ቢሆን ኖሮ እንኳ ስለፈረመች ብቻ 50,000 ብሩን ልታጣ ትችል ነበር።

ኑዛዜ ሳይኖር ባለቤትዎ ቢቀድሙ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው «ሚስት ባሏን ትወርሳለች» ብሎ ያምናል፤ ሕጋችን ግን የትዳር ጓደኛን ያለ ኑዛዜ ወራሽ አያደርግም። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ስለሆነ ግማሹ ከመጀመሪያውም የእርስዎ ነው፤ ያ ውርስ አይባልም። የእርሳቸው ግማሽ ለሦስቱ ልጆቻቸው እኩል ይከፈላል፤ ከጋብቻችሁ በፊት የተወለደውም ልጅ ከሌሎቹ ሳያንስ የቤቱን አንድ ስድስተኛ ያገኛል። ከሦስቱ አንዱ ድርሻዬ ይለይልኝ ብሎ ቢከስስ፣ እርስዎ የኖሩበት ቤት ለሐራጅ ሊቀርብ ይችላል።

«የእኔ ድርሻ ሁሉ ለሚስቴ» የሚል ኑዛዜም ፍቱን መድኃኒት አይደለም፤ ወላጅ ልጁን ከውርስ የሚነቅለው ምክንያቱን በኑዛዜው ገልጾ ነው፤ ሌላን ሰው ወራሽ አድርጎ መጥራት ብቻውን ልጆቹን እንደ መንቀል አይቆጠርም። የሚሻለው ባለቤትዎ ድርሻቸውን ለልጆቻቸው ትተው፣ እርስዎ በሕይወት እስካሉ ድረስ በቤቱ የመኖርና ኪራዩን የመሰብሰብ የአላባ መብት በኑዛዜ ቢሰጡዎት ነው። ልጆቹ ባለቤት ይሆናሉ፤ ከደጃፉ ግን የሚያስወጣዎ አይኖርም።

እርስዎ እጅዎ ደኅና ስለሆነ ኑዛዜዎን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራስዎ እጅ መጻፍ ይችላሉ፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይጻፉ፤ ቀንና ፊርማም ይኑረው። እንዲህ ያለው ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል፤ ስለዚህ በሳጥን ግርጌ ሸሽገው እንዳይረሱት።

ወደ ልጅዎ ሐሳብ እንምጣ። ውክልና ጠቃሚ ሰነድ ነው፤ የኑዛዜን ሥራ ግን አይሠራም። በመሠረቱ ወካዩ ሲሞት ወይም በሕግ ችሎታ ሲያጣ፣ ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር፣ ውክልናው ይቋረጣል። አባት ካረፉ በኋላ በአሮጌ ውክልና ቤት ለመሸጥ የሚሞክር ልጅ ወንድምና እኅቱን ራሱ ወደ ፍርድ ቤት ይጎትታል። በሌላ በኩል «በጠቅላላው ወክዬዋለሁ» የሚለው የተለመደ አጻጻፍ ቤት ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ አይበቃም፤ ሥልጣኑ ተለይቶ መጻፍ አለበት። ለባንክ፣ ለሕክምናና ለግብር ጉዳይ ውክልና ቢሰጡት መልካም ነው፤ መሸጥንና መለወጥን ግን እኛ ብንሆን አንጨምርበትም።

የባለቤትዎ አእምሮ ወደፊት ቢደክም፣ ያን ጊዜ አዲስ ውክልናም ሆነ አዲስ ኑዛዜ መስጠት አይችሉም። የሚቀረው እርስዎ ወይም ዘመድ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ንብረታቸውን ራሳቸው ከማስተዳደር በፍርድ እንዲከለከሉና ሞግዚት እንዲሾምላቸው ማድረግ ነው፤ ይህ ማስረጃ የሚጠይቅ፣ ቤተሰብንም የሚያቃቅር መንገድ ነው። ከክልከላው በፊት በሥርዓቱ የተደረገ ኑዛዜ ግን ይጸናልና፣ ባለቤትዎ ሐሳባቸውን ራሳቸው አጥርተው በሚናገሩበት በዚህ ሰሞን ጉዳዩን ይጨርሱት። የቅርብ ጊዜ የሐኪም ማስረጃ ከኑዛዜው ጋር ቢያያዝ፣ ነገ «አእምሮው ልክ አልነበረም» ለሚል ተከራካሪ በቂ ምላሽ ይሆናል። ለሠራተኛችሁ ያሰባችሁትን ገንዘብ በሁለቱ ኑዛዜዎች 25,000 ብር፣ 25,000 ብር አድርጋችሁ አስገቡት፤ በዚያ ቀን እርሷ ቡናውን ታፍላ፤ ለምስክርነቱ ሌላ ጎረቤት ይጠራ።