ሥራ የፈታ ቋንቋ

ውድ ልጆቼ፣

ሥራዬ ትርጉም ነበር። ውል፣ ውክልና፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የሐኪም ማስረጃ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሳመላልስ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን በሁለትና በሦስት ቋንቋ መሃል ሆናችሁ ሥራ ለጀመራችሁ ስለ አንድ የጠፋ ቋንቋ ልጽፍላችሁ ነው። ኦስካን ይባላል።

አገሩ ጣሊያን ነው። ሮም ገና ጉልበቷን ስታጠናክር፣ ከእሷ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው ተራራማ አገር የሳምኒቶች ነበር። ኦስካን የእነሱና የጎረቤቶቻቸው ቋንቋ ነው። ተራራው ላይ ብቻ አልቀረም፤ ወደ ካምፓኒያ ሜዳ ወርዶ እስከ ፖምፔይ ከተማ ድረስ ይነገር ነበር። የላቲን የቅርብ ዘመድ ነው። ፊደሉን ኤትሩስካውያን ከተባሉ የጣሊያን ሕዝቦች ወስደው ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፉት ነበር።

ሳምኒቶች በቀላሉ የሚነኩ ሰዎች አልነበሩም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ321 የሮምን ጦር ጠባብ የተራራ መተላለፊያ ውስጥ ከበው ትጥቅ አስፈቱት። ከዚያም ከጦር በተሠራ ቀንበር ሥር አጎንብሶ እንዲያልፍ አደረጉት። ሮማውያን ይህን ውርደት ለዘመናት አልረሱትም።

ታዲያ ቋንቋቸውን ምን ዋጠው? ሰይፍ ነው ማለት ይቀናናል፤ እውነትም አለበት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ91 የጣሊያን ሕዝቦች በሮም ላይ ሲያምፁ፣ ኮርማ ተኩላን በቀንዱ ሲወጋ የሚያሳይና በኦስካን የተጻፈበት ገንዘብ አሳትመው ነበር። ተኩላዋ ሮም ናት። አልተሳካላቸውም። ሱላ የሚባለው የሮም ጄኔራል በ89 ፖምፔይን ከበበ፣ በ82 ሳምኒቶችን ፈጀ፣ በ80 ደግሞ ጡረተኛ ወታደሮቹን ፖምፔይ አሰፈረባት። ከዚያ ወዲያ የከተማዋ የአደባባይ ጽሑፍ ላቲን ሆነ።

እኔን ግን ከሰይፉ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ታሪክ ነው። ከሱላ አንድ መቶ ዓመት ቀድሞ፣ በ180፣ የኩማ ከተማ ሰዎች ለሮም አቤቱታ አቀረቡ። ኩማ ከኔፕልስ አጠገብ ባሕር ዳር ያለች፣ ግሪኮች የቆረቆሯት፣ በኋላ ኦስካን ተናጋሪዎች የያዟት ከተማ ናት። የለመኑትን ነገር ሊቪ የተባለው የሮም ታሪክ ጸሐፊ መዝግቦታል። የከተማቸውን የአደባባይ ጉዳይ በላቲን እንዲያካሂዱ፣ ሐራጅ ጠሪዎቻቸውም በላቲን እየጠሩ እንዲሸጡ ፈቃድ ጠየቁ። ተፈቀደላቸውም።

ሊቪ ስለ ማስገደድ የሚለው ነገር የለም። ራሳቸው ናቸው የጠየቁት። አልፈርድባቸውም፤ ነጋዴ ገበያው ወዳለበት ይሄዳል። ግን ከቋንቋቸው መጀመሪያ የትኛው ሥራ እንደተነሳ ተመልከቱ። ዘፈኑ አይደለም። ለቅሶውም አይደለም። ጽሕፈት ቤቱና ገበያው ነው። እናት ለልጇ እሹሩሩ የምትለው በላቲን ይሁን ብሎ የጠየቀ የለም። የክርስቶስ ልደት በተቃረበበት ዘመን የጻፈው ግሪካዊው ስትራቦ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ኦስካኖቹ ጠፍተዋል፣ ቋንቋቸው ግን ሮም ውስጥ በበዓል ቀን በሚታይ ጨዋታ ላይ ቀርቷል። ሕግ የተጻፈበት ቋንቋ በመጨረሻ የመድረክ ቧልት ሆነ።

ዛሬ ስለ ኦስካን የምናውቀውን የነገሩን ግን የሥራ ወረቀቶች ናቸው። ወረቀት እላለሁ እንጂ ድንጋይ፣ ነሐስና ሸክላ ነው። ግጥምና ታሪክ አልደረሰንም። የደረሰን ውል፣ ኑዛዜ፣ ማስታወቂያ ነው። ፖምፔይ ግድግዳ ላይ፣ ብዙ ሊቃውንት ከሱላ ከበባ ጊዜ ነው የሚሉት፣ ለተከላካዮች አቅጣጫ የሚያሳይ ጽሑፍ አለ። በዚህ በኩል በ12ኛው ግንብና በከተማው በር መካከል፣ አዛዡ እገሌ ይላል። በቃ።

ኖላና አቤላ የተባሉ ሁለት ከተሞች ደግሞ ድንበራቸው ላይ ሄርኩለስ ለተባለው አምላክ የቆመ የጋራ ቤተ መቅደስ ነበራቸው። ስለ እሱ የተዋዋሉት ውል ሰው የሚያክል የኖራ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ግምጃ ቤቱ ሲከፈት በጋራ ስምምነት ይከፈት፣ የተገኘውንም እኩል ይካፈሉ ይላል። ይህን ሳነብ እጄ ብዕር ይፈልጋል። ዛሬ ሁለት ወንድማማቾች የውርስ ቤት ላይ የሚጽፉት ውል እኮ ነው! ድንጋዩ የበር ደፍ ሆኖ ሲረገጥ ቆይቶ በ1745 እ.ኤ.አ. ነው አንድ ምሁር ያስተዋለው።

ከሁሉም የምወዳት ግን ፒየትራቦንዳንቴ በተባለ የሳምኒቶች ቦታ የተገኘችውን የጣሪያ ሸክላ ነው። ጭቃው ሳይደርቅ ሁለት ሴቶች ቆመውባታል፤ የእግራቸው ምልክት አሁንም ይታያል። አንደኛዋ፣ ዴትፍሪ፣ የጌታዋን ስም ጠርታ በእግሯ ምልክት ማድረጓን በኦስካን ከቀኝ ወደ ግራ ጻፈች። ሁለተኛዋ፣ አሚካ፣ ሸክላውን ስንደረድር ምልክት አደረግሁ ብላ በላቲን ከግራ ወደ ቀኝ ጻፈች። ባሪያዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ሥራ ላይ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በቋንቋቸው ጻፉ፣ ሥራቸውን ቀጠሉ። ሁለት ሺህ ዓመት አልፎ ስማቸውን እንጠራለን።

ስለዚህ ልጆቼ፣ አማርኛን በበዓል ቀን ብቻ አታውጡት። ደንበኛችሁ «ይሄ በአማርኛ አይሆንም፣ በእንግሊዝኛው ይቅር» ሲላችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። አንድ ሰዓት ታገሉት። ብዙ ጊዜ ይሆናል። ቃለ ጉባኤውን፣ የማሽኑን አጠቃቀም መመሪያ፣ የኪራይ ውሉን መጀመሪያ በአማርኛ አርቅቁት፤ ከዚያ ተርጉሙት። እግረ መንገዴን ልበልና፣ ተተርጉሞ የመጣ ውልና በአማርኛ ታስቦ የተጻፈ ውል ፍርድ ቤት ሲደርስ ልዩነቱ ይታወቃል። ተተርጉሞ የመጣውን ዳኛውም ባለጉዳዩም እኩል አይረዱትም።

ውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ፣ ልጁ «እንኳን አደረሳችሁ» ማለት በመቻሉ ብቻ አትርኩ። የአያቱን የመድኃኒት ማሸጊያ ስጡት። ስንት ፍሬ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ፣ በአማርኛ ያስረዳት። ቢሳሳት አጠገቡ ናችሁ፤ አርሙት።

የሌላ ሰው ቋንቋ አትማሩ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እኔ እንጀራዬን የበላሁት በእሱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ239 የተወለደው ገጣሚው ኤኒዩስ ግሪክኛ፣ ኦስካንና ላቲን ስለሚችል ሦስት ልብ አለኝ ይል ነበር። ሲጽፍ ግን በላቲን ነው የጻፈው፤ የሮም ግጥም አባት ተባለበት። በኦስካን ከእጁ አንዲት መስመር አልደረሰችንም። ያ አንዱ ልቡ ምን ያስብ እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ለንደን ያላችሁ ብሪቲሽ ሙዚየምን ስለ አኞኔ ሰሌዳ ጠይቁ። በ1848 እ.ኤ.አ. የተገኘች፣ ሰንሰለትና መያዣ ያላት ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ናት። በሁለቱም ገጿ የአማልክት ስም ተደርድሮባታል። ጣሊያን ያላችሁ ደግሞ የኔፕልስ አርኪዮሎጂ ሙዚየም ሂዱ። እዚያ አንድ የፖምፔይ ሰው በኑዛዜ ስለተወው ገንዘብ የሚናገር ድንጋይ አለ። ገንዘብ ያዡ በዚያ ገንዘብ ሕንጻ አሠርቶ፣ ሥራው በትክክል ማለቁን ራሱ አረጋግጦ አስጽፎበታል። የርክክብ ሰነድ ነው። ሒሳብ የተማራችሁ ካላችሁ በደንብ ትረዱታላችሁ።