ባት ሳይታመም ኢንተርቫል መጀመር፦ ለባሕር ዳሯ እህታችን መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። አራት ወር ሶምሶማ ሮጠሻል፣ በሳምንት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ 10 ኪሎ ሜትሩን በ58 ደቂቃ ትጨርሻለሽ። ፍጥነት ልጨምር ብለሽ ኢንተርቫል (በመሐል እያረፉ አጭር ርቀትን ደጋግሞ በፍጥነት መሮጥ) ሞከርሽ፤ አስፋልት ላይ 10 ጊዜ 400 ሜትር ሮጥሽ፣ የመጀመሪያዎቹን በ1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ። በማግስቱ የግራ ባትሽ ከተረከዝ ከፍ ብሎ ያዘሽ። «ኢንተርቫል ለኔ አይሆንም ማለት ነው?» ብለሻል። ይሆናል፤ አጀማመሩን ብቻ እናስተካክለው።

ሒሳቡን እንሥራ። የ10 ኪሎ ሜትር ሰዓትሽ በኪሎ ሜትር 5፡48 ነው። 400ን በ1፡45 ስትሮጪ ደግሞ በኪሎ ሜትር 4፡22 ይመጣል። አሁን ላለሽ አቅም ይህ ሽምጥ ነው። የሚመጥንሽ የ5 ኪሎ ሜትር ፍጥነትሽ ነው፤ ካለሽ ሰዓት ስንነሳ በኪሎ ሜትር 5፡35 አካባቢ፣ ማለትም 400ው ከ2፡12 እስከ 2፡15። ቀላል ይመስልሻል፤ መጀመሪያ ላይ እንዲያ መሆን አለበት። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈጅባቸዋል። ትንፋሽሽ ገና እንደልብ እያለ ባትሽ የተጎዳው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ባቱ ይዳን። 30 ደቂቃ ፈጠን ብለሽ ስትራመጂ ካላመመሽ፣ በግራ እግርሽ ብቻ ቆመሽ ተረከዝሽን 20 ጊዜ ማንሳት ከቻልሽ፣ በዚያው እግር 10 ጊዜ ስትዘዪ ምንም ካልተሰማሽ፣ ወደ ሶምሶማ ተመለሺ። ሁለት ሳምንት ሶምሶማ ብቻ። አንድ ቀን እየዘለልሽ የደረጃ ጠርዝ ላይ ተረከዝ የማንሳት ልምምድ ሥሪ፦ ጉልበት ቀጥ አድርገሽ 3 ዙር በ12፣ ከዚያ ጉልበት አጠፍ አድርገሽ 3 ዙር በ12። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጉልበት ሲታጠፍ የሚሠራው ከሥር ያለው የባት ጡንቻ ነው፤ በሩጫ ጊዜ ትልቁ ጫና የሚያርፈውም እሱ ላይ ነው። ስትወርጂ እስከ ሦስት እየቆጠርሽ በዝግታ።

ከዚያ ፍጥነት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይግባ። ሁለት ሳምንት፣ ከሶምሶማው መጨረሻ ላይ 5 ጊዜ 20 ሰከንድ ሰውነትሽን ሳታጠብቂ ፈጠን በይ፤ በየመሐሉ አንድ ደቂቃ ተኩል ተራመጂ። ቀጣዮቹን ሁለት ሳምንታት 6 ጊዜ 1 ደቂቃ ፈጣን፣ 2 ደቂቃ ሶምሶማ። አምስተኛው ሳምንት ላይ 4 ጊዜ 400፣ በመሐል ሁለት ደቂቃ ተኩል እርምጃ። በየሳምንቱ አንድ ጨምሪ፤ 6 ላይ ቁሚ። 2.4 ኪሎ ሜትር ፈጣን ሩጫ ለ25 ኪሎ ሜትር ሳምንት ይበቃል። የመጨረሻው ዙር ከመጀመሪያው ከዘገየ አጀማመርሽ ፈጥኗል። ስትጨርሺ ሁለት ዙር ልድገም ብትዪ የምትችዪ ሆነሽ ማቆም አለብሽ። ረጅሙን ሩጫ ከዚህ ቀን ቢያንስ ሁለት ቀን አርቂው።

አንዳንዱ «በዳገት ጀምሪ፣ የቤዛዊት ኮረብታ ቅርብሽ ነው» ብሎ መልሶልሻል። ምክሩ ቅልጥሙን ለሚያመው ጥሩ ነው፤ ዳገት እግር ሲያርፍ ያለውን ምት ይቀንሳል። ነገር ግን ተረከዝ ዝቅ ብሎ ስለሚገፋ የባትንና የተረከዝን ጅማት ይበልጥ ይወጥራል። አንቺ ለአሁኑ ተዪው።

ቦታው ሣር ሜዳ ወይም የተጠቀጠቀ አፈር ይሁን። ኮብልስቶን ላይ ፍጥነት አይሞከርም፣ ቁርጭምጭሚት ያዞራል። የሐይቁ ዳር መንገድ ለሶምሶማ ግሩም ነው፤ ለኢንተርቫል ግን በሰው መሐል ድንገት መቆምና መታጠፍ ይበዛዋል። አስፋልት ብቻ ካገኘሽ ጠርዙ ወደ ቦይ ያዘነበለ መሆኑን እወቂ፤ በዚያው ጠርዝ ሂጂና ተመለሺ፣ አንዱ እግር ብቻ ዝቅታውን እንዳይሸከም። ጫማሽ ሳልባጅ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ከኋላ እዪው፤ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ለፍጥነት አይሆንም።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሪ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ 3 ሰዓት ካለፈ ሙቀቱ አያስሮጥም። ከተማችን ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ ለቆላ ሯጮች የወጣ የሰዓት ሠንጠረዥ አያስጨንቅሽ፤ ዕረፍቱን ግማሽ ደቂቃ ብታረዝሚ ነውር የለውም። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ኢንተርቫሉን ወደ ማታ አዙሪው፣ ከበላሽ ከሁለት ሰዓት በኋላ። በፊቱ 15 ደቂቃ ሶምሶማ፣ እግር ማወዛወዝ፣ 3 አጫጭር ፍጥነት፤ ቆሞ ማሳሳቡ ለመጨረሻ ይቆይ።

ሕመሙን ከ10 ስትለኪው ከ3 ካልበለጠና በማግስቱ ጠዋት ካልባሰ ቀጥዪ። ባቱ ካበጠ፣ ከጋለ ወይም ተቀምጠሽም ካመመሽ፣ ቅልጥም ላይ ደግሞ አጥንቱን በአንድ ጣት ስትነኪው የሚጠዘጥዝ ነጥብ ካለ፣ ሩጫውን አቁመሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ተረከዝ ማንሳቱን ዛሬ በሁለቱም እግር ሞክሪና ስንት ስንት እንደደረስሽ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ግራው ከቀኙ በብዙ ካነሰ የሶምሶማውን ሳምንት እናረዝመዋለን።