ጣና ዳር ጠገራ ብር ለምትፈልግ ወንድሜ

«ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አለኝ፤ ጣና ዳር ጠገራ ብርና የድሮ የብር ጌጥ ለመፈለግ ጋሬት ኤስ 300 የሚባለው የብረታ ብረት መፈለጊያ ማሽን ይበቃኛል ወይ?» ብለህ ለጠየቅኸው፦ አይበቃህም። ማሽኑ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን አፈራችን ስለማይመቸው ነው። የጣና ዳርቻ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ጥቁር አሸዋውም ቀይ አፈሩም ብረት ስላለበት ምንም ሳይቀበርበት ይጮኻል። ኤስ 300 ደግሞ ከአፈሩ ጋር የምታስማማበት ቁልፍ የለውም፣ ፋብሪካ በሞላለት ልክ ብቻ ነው የሚሠራው። መቆጣጠሪያ ሳጥኑም ውኃ አይችልም።

ጋሬት ኤቲ ፕሮ ወይም ኖክታ ሲምፕሌክስ ያምጣልህ። ሁለቱም ከአፈሩ ጋር የሚያስማማ የመሬት ማስተካከያ አላቸው፣ እስከ 3 ሜትር ውኃ ውስጥ ይገባሉ። ጣና ጨው ስለሌለው ለባሕር ተብሎ የተሠራውን ውድ ማሽን መግዛት አይጠበቅብህም። አንቴና ዘርግቶ «ከሩቅ ወርቅ ይጠቁማል» የሚሉህን ግን ዝም ብለህ እለፋቸው፤ የሚጠቁመው የያዘው ሰው እጅ ሲዘነበል ብቻ ነው።

1. ጊዜው ግንቦት ነው። ሐይቁ መስከረምና ጥቅምት ይሞላል፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ደግሞ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል፤ ያኔ ሌላ ጊዜ ውኃ ውስጥ የነበረው ዳርቻ ይገለጣል። የጥንት ታንኳ ማራገፊያዎችን ምረጥ፤ የዘጌ ቡና የሚጫንባቸው ዓይነት ቦታዎች። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ጉማሬ ስለሚወጣ ፀሐይ ጠንከር ስትል ሂድ። ቢልሃርዚያ አለ፣ ረጅም ቦት ጫማ ሳታደርግ አትግባ።

2. ማስተካከሉ ላይ አትቸኩል፤ ሰው ሁሉ የሚከስረው እዚህ ነው። ብረት የሌለበት ቦታ ፈልግ፣ የማስተካከያውን ቁልፍ ተጭነህ ክቡን ሳህን (መሬቱን የምትጠርግበትን የማሽኑን ጫፍ) ከ15 ሳንቲ ሜትር እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ አድርገው፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ ማለቱን ሲተው ልቀቅ። አሸዋው ወደ ጥቁር ጠጠር በተቀየረ ቁጥር እንደገና ማድረግ አለብህ። ከዚያም ሴንሲቲቪቲውን (ማሽኑ ምልክት የሚሰማበትን ኃይል) ከሙሉው ወደ ሁለት ሦስተኛ አውርድ። ብዙዎች በጥልቀት ስስት ሙሉ ላይ ይተዉታል፤ ማሽኑ ያለማቋረጥ ሲለፈልፍ የጠገራውን ድምፅ ከውስጡ መለየት አይችሉም። ለሳንቲም መጠን ዕቃ ጥልቀቱ ከሳህኑ ስፋት ብዙም አያልፍም፣ በእኛ አፈር ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

3. ጠገራ ትልቅ ብር ስለሆነ ከፍ ያለና የጠራ ድምፅ ይሰጣል። የተጣመመ ምስማርና የቢራ ቆርኪም እንዲሁ ያታልላሉ። ስለዚህ ዞረህ ከጎን 90 ዲግሪ ሆነህ ደግመህ ጥረገው፤ ብር ከሁለቱም አቅጣጫ ያው ነው፣ ምስማር ወደ ጎርናና ድምፅ ይወርዳል። «ትኩስ ድንጋይ» የሚሉት፣ ብረት ስላለበት ማሽኑን የሚያስጮኸው ድንጋይ ከሆነ ድምፁ ሳህኑን ትንሽ ስታነሳው ወዲያው ይጠፋል። ቀጭን የአንገት መስቀልና ቀለበት ግን በማሽኑ መስኮት ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያሉ፤ «ቆሻሻ ነው» ብለህ ዝቅተኛውን ሁሉ ከዘጋኸው ጌጥ የሚባል አታገኝም። ረዘም ያለ፣ የጥይት ወይም የቦምብ ቅርጽ ያለው ነገር ካየህ እጅህን አንሳ፣ ለፖሊስ ንገር።

4. ፈቃድ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ለመፈለግ ከቅርስ ባለሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በድንገት ያገኘም ማስታወቅና እንዳለ መጠበቅ አለበት። የቀበሌ ሊቀመንበር «ምንም የለውም፣ ሂድ» ቢልህ ይኼን አይተካም። በቃል አትጠይቅ፤ ማመልከቻህን በሁለት ኮፒ ጽፈህ አንዱ ላይ ማህተምና ቀን አስመታ፣ የማሽኑን ሞዴልና ፎቶ አያይዝ፣ ቦታውን በስም ጥቀስ። ይኼ ካልሆነ አንዱ መሥሪያ ቤት «የእኛ ሥራ አይደለም» ብሎ ወደ ሌላው፣ ሌላው መልሶ ወደ መጀመሪያው ይወረውርሃል፤ አንድ ኃላፊማ ወረቀቱን ሳያነብ «ወርቅ ቆፋሪ ሁሉ ቅርስ ተመራማሪ ሆነ!» ብሎ መልሶልኛል። ፀሐፊዋ ግን በማህተሙ ቀን መሠረት ፋይሉን ፈልጋ አወጣችው። የገዳምና የቤተ ክርስቲያን ይዞታን አልነካም ብለህ እዚያው ላይ ጻፍ፤ ይኼ አንድ መስመር ብዙ በር ይከፍታል። ፀጥታው በተናጋበት ቦታ ደግሞ በእጅህ የያዝኸው ፈንጂ መፈለጊያ ይመስላል፤ ሚሊሻውን ሳታነጋግር ከመኪና አታውርደው።

አግኝተህ ከሆነ በአመድ፣ በሎሚ፣ በአሸዋ አትሸው። በንጹሕ ውኃ አልቅልቀህ አድርቀው፤ ጥቁሩን ሽፋን ያነሳህበት ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል። ላዩ ላይ 1780 ስላየህም አትደንግጥ፤ ያንን ዓመት የያዘው ጠገራ (የማሪያ ቴሬዛ ብር) ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በቪየና፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ጭምር ተመትቷል። ትክክለኛው 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ብሩ ከሺህ 833 እጅ ነው፣ ጠርዙ ላይ ከፍ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለበት። ማግኔት የሚስበው ከሆነ ውሸት ነው። ማግኔት የማይስበውን ደግሞ እንዲህ ለየው፦ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጥ፣ ሚዛኑን ዜሮ አድርግ፣ ሳንቲሙን በቀጭን ክር ታችኛውን ሳይነካ ውኃው ውስጥ አንጠልጥለው። 2.7 ወይም 2.8 ግራም ካነበብህ ብር ነው፤ 3.1 ካለፈ ነሐስ ወይም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ይዘሃል።