የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ለጀልባና ለዓሣ ማጥመድ የትኛው የእጅ ጂፒኤስ?

ጥያቄ፦ በ5 ሜትር ክፍት የሞተር ጀልባ ዓሣ አጠምዳለሁ። የእጅ ጂፒኤስ ልግዛ ብዬ ሰው ብጠይቅ ምክሩ በዛብኝ። አንዱ ትልቅ ስክሪን ያለውን ግዛ ይላል፣ አንዱ ካርታ ያለውን፣ ሌላው ደግሞ ስልክህ ይበቃሃል ይለኛል። ምኑን አይቼ ልምረጥ?

መልስ፦ ከስልኩ እንጀምር። ስልክ ኔትወርክ በሌለበትም ያለበትን ቦታ ከሳተላይት ያገኛል፤ ካርታው አስቀድሞ ከተጫነበት ያለ ሲም ካርድም ይሠራል። ስለዚህ «ይበቃሃል» ያለዎት ሰው ጨርሶ አልተሳሳተም። ጣጣው የሚመጣው ጀልባ ላይ ነው። የውኃ ጠብታ ስክሪኑን ያለ ትእዛዝ ይነካካዋል፣ እርጥብ ጣት ደግሞ አይታዘዝለትም። ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይግልና ብርሃኑን ይቀንሳል ወይም ራሱን ያጠፋል። ከዚህ የሚብሰው ግን ባትሪውን ካርታው ሲጨርሰው ለእርዳታ የሚደውሉበትም አብሮ ማለቁ ነው። ስልኩን በውኃ መከላከያ ከረጢት አጥፍተው ለመጠባበቂያ ይያዙት።

የእጅ ጂፒኤስ ሲመርጡ ካርታውን ወደ መጨረሻ ይተዉት። መጀመሪያ የሚፈትሹት በእርጥብ እጅ፣ በፀሐይና ጀልባው እየተናጠ መሥራቱን ነው። በጣት የሚጫኑ እውነተኛ ቁልፎች ያሉትን ይምረጡ፤ ቁልፎቹም ሳያዩ በመዳሰስ የሚለዩና በአንድ እጅ የሚጫኑ ይሁኑ፤ ሌላኛው እጅዎ መሪው ላይ ነውና።

ስክሪኑን ከጣሪያ በታች ሳይሆን ደጅ ወጥተው፣ የጀርባ መብራቱን አጥፍተው ያንብቡት። ለውጭ ሥራ የታሰበ ስክሪን የፀሐዩን ብርሃን ራሱን ስለሚጠቀምበት ፀሐይ በበረታ ቁጥር ይጠራል። የውኃ ነጸብራቅ የሚቀንስ ፖላራይዝድ መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ደግሞ መነጽሩን እንዳደረጉ መሣሪያውን ወደ ጎንና ወደ ላይ ያዙሩት። አንዳንዱ ስክሪን በአንደኛው አያያዝ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ይህን ሳይፈትሹ ገዝተው በኋላ «ተበላሸብኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው።

ባትሪን በተመለከተ ሁለት ዓይነት አለ፤ 2 ደብል ኤ ባትሪ ድንጋይ የሚወስድና ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ በውስጡ ያለው። ሁለተኛው በአንድ ቻርጅ ረዘም ላለ ሰዓት ሊሠራ ይችላል፤ ባለቀ ጊዜ ግን የኃይል ምንጭ ከሌለዎት ነገሩ አበቃ። ክፍት ጀልባ ላይ የምንመርጠው ባለ ደብል ኤውን ነው፤ 4 መለዋወጫ ድንጋይ በታሸገ ፕላስቲክ ከያዙ ጭንቀት የለም። ድንጋዩን ሲቀይሩ ግን ዓይነቱን ሜኑው ላይ ያስተካክሉ። ቻርጅ የማይደረገው አልካላይን ሲጀምር 1.5 ቮልት ነው፤ ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ 1.2 ቮልት አካባቢ ነው። መሣሪያው አልካላይን መስሎት ኒኬል ከገባበት ሙሉውን ባትሪ እንዳለቀ ቆጥሮ ማስጠንቀቅ ይጀምራል።

ስለ ሳተላይቶቹ ብዙ አይጨነቁ። ጂፒኤስ ብቻ የሚቀበልም ሆነ የሩሲያውን ግሎናስና የአውሮፓውን ጋሊሊዮ ሳተላይቶች የሚጨምር፣ ክፍት ውኃ ላይ ሰማዩ ሁሉ ስለሚታየው ከ3 እስከ 5 ሜትር ባለ ስሕተት ቦታዎን ይነግርዎታል። ተጨማሪዎቹ የሚጠቅሙት ገደል ሥር ወይም ዛፍ በጋረደው ዳርቻ ለሚያጠምድ ነው።

በስም ካስፈለገ፣ የጋርሚን ኢትሬክስ ዓይነቶች ትንንሽና ለባትሪ የሚቆጥቡ ናቸው፤ ግን አይንሳፈፉም። የዚያው ፋብሪካ ጂፒኤስማፕ 79 በ2 ደብል ኤ የሚሠራ ሲሆን ይንሳፈፋል። ጂፒኤስማፕ 86ም ይንሳፈፋል፤ ባትሪው ግን ውስጡ ያለ፣ ቻርጅ የሚደረግ ነው። ለእርስዎ ጀልባ ጂፒኤስማፕ 79ን እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ ሣጥኑ ላይ አይፒኤክስ 7 ስለሚል ውኃ አይፈራም ብዬ ነበር። ከእጄ አምልጦ ወደቀና ሰጥሞ ቀረ። አታለሉኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አላታለሉዎትም። አይፒኤክስ 7 ማለት 1 ሜትር ጥልቀት ባለው የረጋ ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቆይ ውስጡ አይበላሽም ማለት ነው። ስለ መንሳፈፍ አንዳች አይናገርም፤ መንሳፈፍ ለብቻው መጻፍ አለበት። ቢጻፍም ባትሪውን ከትተው፣ ማሰሪያውን አስረው፣ ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ይሞክሩት።

የባትሪ ክዳኑ ዙሪያ ያለችው ጎማ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም የፀጉር ዘለላ ካለች ያ ሁሉ መከላከያ ዋጋ የለውም። ክዳኑን በከፈቱ ቁጥር ጎማዋን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨው ውኃ ላይ ከዋሉ ደግሞ ክዳኑ እንደተዘጋ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁትና በደንብ ሳይደርቅ አይክፈቱት። የደረቀ ጨው የባትሪውን መገናኛ ብረት ይበላዋል።

ማሰሪያው የት ይታሰር የሚለውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብቻዎን ከሆኑ ከነፍስ አድን ጃኬትዎ ጋር ይሰሩት። ሰው አብሮዎት ካለ ግን ከጀልባው ጋር ይታሰር፤ እርስዎ ቢወድቁ አብሮዎት ያለው ሰው «ሰው ወደቀ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ የወደቁበትን ነጥብ መመዝገብ ስላለበት ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ጥሩ ዓሣ ያለበትን ቦታ ቁጥር በስልክ ነገረኝ። ቁጥሩን አስገብቼ ስሄድ ከ500 ሜትር በላይ ራቅ ያለ ቦታ ላይ አደረሰኝ። የማን መሣሪያ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ ምናልባት የሁለታችሁም ደኅና ነው፤ የተለያየው አጻጻፉ ነው። ኬክሮስና ኬንትሮስ በሦስት መንገድ ይጻፋል፤ በዲግሪ ከነነጥቡ፣ በዲግሪና በደቂቃ ከነነጥቡ፣ እንዲሁም በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ። ጓደኛዎ «30.500 ደቂቃ» ሲልዎት እርስዎ 30 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ብለው አስገብተው ሊሆን ይችላል። ግማሽ ደቂቃ ግን 30 ሰከንድ ነው። የ20 ሰከንድ ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው፤ በኬክሮስ 1 ሰከንድ 31 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከ600 ሜትር በላይ ይስታሉ። ጀልባ ላይ የሚመረጠው ዲግሪና ደቂቃ ከነነጥቡ ነው። 1 የኬክሮስ ደቂቃ 1 የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከነጥቡ በኋላ ያለው ሦስተኛ ቁጥር ወደ 2 ሜትር ይጠጋል፤ ርቀቱን በጭንቅላት ማስላት ይቻላል።

ይህ ተስተካክሎም ካልገጠመ ሜኑው ላይ «ዳተም» የሚለውን፣ ማለትም ቁጥሩ የሚለካበትን የካርታ መነሻ፣ ይመልከቱ። ሁለቱም መሣሪያዎች ደብሊውጂኤስ 84 ላይ መሆን አለባቸው። አንዱ በድሮ የወረቀት ካርታ መነሻ ላይ ከተቀመጠ ያው ቁጥር በመቶዎች ሜትር ርቆ ሊወድቅ ይችላል።

ሁሉም ነገር ተስተካክሎም ቢሆን ትንሿ አለት አናት ላይ በትክክል እቆማለሁ ብለው አይጠብቁ። ነጥቡ ሲመዘገብ 5 ሜትር፣ ተመልሰው ሲመጡ ሌላ 5 ሜትር ስሕተት ካለ 10 ሜትር ሆነ። በዚያ ላይ በሰዓት 10 የባሕር ማይል እየሄዱ ቁልፉን የተጫኑት 3 ሰከንድ ዘግይተው ከሆነ 15 ሜትር ይጨመርበታል። ስለዚህ ነጥብ ሲመዘግቡ ይቁሙ፤ መሣሪያው ነጥቡን በአማካይ የሚይዝበት አማራጭ ካለው 1 ወይም 2 ደቂቃ ይጠብቁ። ሲመለሱ ደግሞ ክብደት የታሰረበት ገመድ ያለው ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጣሉና በዙሪያው እየዞሩ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ጂፒኤሱ የውኃውን ጥልቀት ያሳያል? ዓሣስ?

መልስ፦ አያሳይም። ሜትር ብሎ የሚጽፈው ከፍታ ነው እንጂ ጥልቀት አይደለም። ጥልቀትና ዓሣ የሚያሳየው ውኃ ውስጥ የሚገባ የድምፅ ሞገድ ላኪ ያለው ሌላ መሣሪያ ነው። የጥልቀት መስመር ያለው ካርታ ይሸጣል፤ መስመሩ የሚኖረው ግን ውኃው በእርግጥ የተለካ ከሆነ ነው፤ ካልተለካ ምንም ያህል ቢያጎሉት ባዶ ሰማያዊ ነው። ከመክፈልዎ በፊት የሚያጠምዱበትን ቦታ በካርታው ላይ ከፍተው ይዩ። ባዶ ከሆነ ካርታ የሌለውን ርካሹን ገዝተው የራስዎን ይሥሩ፤ በየ5 ሜትሩ የተቋጠረ፣ ጫፉ ላይ እርሳስ ያለበት ገመድ ይጣሉ፣ ነጥቡንም ሲመዘግቡ ስሙን በጥልቀቱ ይጀምሩት። ከ10 በታች ላለው ዜሮ ያስቀድሙ፤ 06፣ 12፣ 18 እየተባለ ሲጻፍ በስም የተደረደረው ዝርዝር ከጥልቀት አንጻርም ይደረደራል። ነጥቦቹን አልፎ አልፎ ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ፤ መሣሪያው ቢጠፋ የሚተካ ነው፣ የ3 ዓመት ነጥቦች ግን አይተኩም።

ጥያቄ፦ ስንሄድ የጂፒኤሱ አቅጣጫ ጠቋሚ ቀስት ልክ ነው፤ ሞተሩን ስናጠፋ ግን እንደ እብድ ይሽከረከራል።

መልስ፦ መሣሪያዎ የኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ የለውም ወይም ተዘግቷል። አቅጣጫን የሚያውቀው ያለፈውን ቦታ ካሁኑ ጋር አነጻጽሮ ስለሆነ ከእግር ጉዞ በታች ባለ ፍጥነት የሚያየው የራሱን ስሕተት ብቻ ነው። መልሕቅ ጥለው ወይም በቀዘፋ የሚያጠምዱ ከሆነ ኮምፓስ ያለው ይግዙ። እሱም ባትሪ በተቀየረ ቁጥር መስተካከል ይፈልጋል፤ ከሞተሩ፣ ከድምፅ ማጉያና ከቢላዋ ራቅ አድርገው በሜኑው ትእዛዝ መሠረት ያዙሩት።

በዚሁ አጋጣሚ፣ «ወደዚህ ሂድ» ሲሉት የሚሰምረው መስመር ቀጥታ ነው፤ መሐል ላይ ደሴት ይኑር፣ አለት ይኑር አይጨነቅም። ጨለማ ሲሆን ወይም ጉም ሲወርድ ይህን ትተው ሲመጡ የተመዘገበውን መንገድ ወደ ኋላ ይከተሉ። በመጡበት ጊዜ ካልነካዎት አለት በዚያው መስመር የመንካት ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ውኃው ካልቀነሰ በቀር።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ጂፒኤስ ገዛሁ። ቦታውን በትክክል ያሳያል፤ ቀኑ ግን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ነው። ልመልሰው?

መልስ፦ የጂፒኤስ ሲግናል ሳምንታትን ከ0 እስከ 1023 ቆጥሮ እንደገና ከ0 ይጀምራል። 1,024 ሳምንት 19 ዓመት ተኩል ያህል ነው። ቆጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በነሐሴ 1999 እና በሚያዝያ 2019 ዞሯል፤ ያን ያላወቀ የቆየ መሣሪያ ወደ ቀድሞው ዙር ይመለሳል። ቦታው ትክክል መሆኑ የተለመደ ነው፤ የፀሐይ መውጫው፣ የጨረቃው ሰሌዳና የመዘገባቸው ጉዞዎች ቀን ግን ልክ አይሆንም። ፋብሪካው አዲስ ሶፍትዌር አውጥቶለት ከሆነ ይጫኑበትና ይያዙት። ካላወጣለትና ጨረቃ እያዩ የሚያጠምዱ ከሆነ ይመልሱት። ለወራት ጠፍቶ የቆየ መሣሪያ መጀመሪያ ሲበራ ክፍት ሰማይ ሥር ሳይነቃነቅ 20 ደቂቃ ይቆይ፤ የሳተላይቶቹን ሙሉ ሰሌዳ ለመቀበል ብቻ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል።

ጥያቄ፦ ሌሊት መልሕቅ ጥለን ስንተኛ የመልሕቅ ማስጠንቀቂያው በከንቱ እየጮኸ ያስነሳናል። ምን ያህል ሜትር ላይ እናድርገው?

መልስ፦ ማስጠንቀቂያው የሚጮኸው ጀልባው ካስቀመጣችሁለት ክበብ ሲወጣ ነውና ቁጥሩን ከመቀየራችሁ በፊት ከየት እንደሚለካ እዩ። ማስጠንቀቂያውን የምታበሩት ጀልባው ገመዱን ወጥሮ ከረጋ በኋላ ከሆነ የክበቡ መሐል መልሕቁ ሳይሆን ጀልባው ነው። ነፋሱ ሲዞር ጀልባው መልሕቁን ዞሮ ወዲያ ማዶ ይሄዳል፤ መልሕቁ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። መልሕቁ መሬት በነካበት ቅጽበት፣ ከጀልባው አፍንጫ ላይ ሆናችሁ አብሩት።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ጥልቀቱ 6 ሜትር ሆኖ 30 ሜትር ገመድ ከለቀቃችሁ አግድም ርቀቱ 29 ሜትር ግድም ነው። ጂፒኤሱ የሚያድረው ጀልባው ኋላ ላይ ከሆነ የጀልባውን ርዝመት፣ 6 ሜትር በሉት፣ ጨምሩ፤ 35 ሆነ። ለሳተላይቱ ስሕተት 10 ሜትር ጨምራችሁ 45 ላይ አድርጉት። በዙሪያችሁ 45 ሜትር ውስጥ አለት ወይም ሌላ ጀልባ ካለ ማስጠንቀቂያውን አታሳንሱት፤ መልሕቁን አንስታችሁ ሌላ ቦታ ጣሉ። መሣሪያው ሌሊቱን ሰማይ በሚያይበት ይደር፣ ከብረት ጣሪያ ሥር አይሁን፤ ሲግናል ሲጠፋበት ቦታው ይዘልና ያለ ምክንያት ይጮኻል።