«የጎረቤቴ ልጅ ቆማለች፣ የኔ ገና ይንፏቀቃል»

ደሴ ውስጥ በሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ግማሽ ዓመት አልፏቸው ገና ዓመት ስላልሞላቸው ልጆች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎርፍ ሆነ!

ሲስተር፣ ልጄ 10 ወር ሞልቶት አይድህም። በቂጡ ነው የሚንፏቀቀው። ጎረቤቴ «አሳዪው» እያለች አስጨነቀችኝ።

አብሽሪ። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር። ውጤቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከ100 ልጆች 4 ያህሉ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ነው በእግራቸው የሄዱት። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ4 እስከ 9 ወር ገደማ ይመጣል። ብቻውን መራመድ ደግሞ ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል። ልዩነቱን አየሽው? አንዷ ቤት «ወፌ ቆመች» ተብሎ ካበቃ ከወራት በኋላ ሌላዋ ቤት ሊጀመር ይችላል። ሁለቱም ልጆች ደህና ናቸው።

እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ሲንፏቀቅ ሁለቱንም ጎኑን እኩል ያንቀሳቅሳል? አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ብቻ የሚጎትት ከሆነ ሳትቆዪ አምጪው።

ልጄ 9 ወሯ ነው። አያቷ ከኮምቦልቻ ሊጠይቁን መጥተው ስታያቸው አለቀሰች። እሳቸውም ቅር አላቸው። ድሮ እኮ ማንም ጋ ትሄድ ነበር!

ሰው መለየት ጀምራለች፣ ይኸው ነው። ከ8 ወር ወዲህ የተለመደ ነው። እማማ ከመንጠቅ ይልቅ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ይግለጡላት። ትንሽ ቆይታ ራሷ ትጠጋቸዋለች።

ባለ ጎማ የልጆች መራመጃ (ዎከር) ልግዛላት?

አትግዢ። ቶሎ እንድትሄድ አያደርጋትም። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ሽያጩን ከልክላለች። እኛ ቤት ደግሞ ደረጃ አለ፣ የቡናው ከሰል መሬት ላይ ነው። ባለ ጎማውን ከዚያ ጋር አስቢው እስቲ።

ደሴ ስለሚበርድ ቀኑን ሙሉ አዝያት እውላለሁ። ጥፋት ነው?

ማዘሉ ጥፋት አይደለም። ግን መሬት ካልነካች መገልበጥ፣ መሳብ፣ መነሳት የት ትለማመድ? ወፍራም ምንጣፍ አንጥፊና ልቀቂያት። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ እጅና እግሯን ገልጠሽ አሙቂያት። ሁልጊዜ ተጠቅልሎ የሚውል ልጅ ቫይታሚን ዲ ሊያንሰው፣ አጥንቱ ሊለሰልስና ሊጎብጥ፣ መራመዱም ሊዘገይ ይችላል። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ እናንተስ ሙቀቱ አለላችሁ። ምን ሰበብ ታመጣላችሁ?

ሁለት ወር ቀድሞ ነው የተወለደው። አሁን 11 ወሩ ነው።

እንደ 9 ወር ልጅ ቁጠሪው።

11 ወሩ ነው፣ ጥርስ የለውም።

ይወጣል።

እሺ፣ መቼ ነው የምንደነግጠው?

9 ወር ሞልቶት ተደግፎም መቀመጥ ካቃተው። ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ «ባባ» «ማማ» እያለ ካልተንተባተበ፣ ተደግፎ ካልቆመ። ከሁሉም በላይ፣ ይችል የነበረውን ነገር ከተወ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሌላውን ለ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ስትመጡ ጠይቁን፣ ልጁን ያኔ እናየዋለን።