ነገር ሁሉ ሁለት ሆኖ ይታየኛል፤ ልታከም ወይስ ልልመደው?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በተለይ ደረጃ ስወርድና ሳነብ አንዱ ነገር ከላይና ከታች ሁለት ሆኖ ይታየኛል። ራሴን ወደ ቀኝ ትከሻዬ ዘንበል ሳደርግ አንድ ስለሚሆንልኝ፣ እንዲሁ ለምጄው ሥራዬን እሠራለሁ። ሕመም የለውም። ቀዶ ጥገና ያስፈልግሃል እንዳልባል ፈርቼ ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም። እንደለመድኩት ብኖር ይጎዳኛል?

መልስ፦ ሕክምናውን መቀበልም ሆነ መተው በአብዛኛው የእርስዎ ውሳኔ ነው፤ ምርመራውን ግን ከዚህ በላይ ባያዘገዩት እመክራለሁ፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚደረግ ምርጫ ምርጫ ሊባል አይችልምና።

አስቀድመው አንዱን ዓይንዎን፣ ቀጥሎም ሌላውን በመዳፍዎ እየሸፈኑ ይመልከቱ። አንዱ ዓይን ተሸፍኖም በሌላው ሁለት ከታየዎት፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የዚያው ዓይን ነው፤ የዓይን ሞራ ወይም መነጽር የሚያስተካክለው ጉድለት ሊሆን ይችላል። የትኛውም ዓይን ሲሸፈን ድርብነቱ የሚጠፋ ከሆነ ግን ሁለቱ ዓይኖች ወደ አንድ አቅጣጫ እያዩ አይደለም ማለት ነው። እያንዳንዱን ዓይን 6 ጡንቻዎች ያንቀሳቅሱታል፤ እነዚህንም 3 ነርቮች ያዟቸዋል። ራስን ዘንበል ሲያደርጉ መሻሉና ወደ ታች ሲያዩ መባሱ ከነዚህ ነርቮች የአንዱን ድካም ያስጠረጥራል። ይህ ድካም አብሮ የተወለደ ሆኖ በጉልምስና ብቻ የሚገለጥበት ጊዜ አለ። ስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የታይሮይድ ሕመም፣ የጭንቅላት ጉዳት ወይም ቀኑ እየመሸ ሲሄድ የሚብስ የጡንቻ መድከም ግን እንዲሁ ዕይታን ድርብ ስለሚያደርጉ፣ ሐኪሙ እነዚህን ማጣራት ይኖርበታል።

ድርብነቱ በድንገት ከባሰ፣ ወይም ከብርቱ ራስ ምታት፣ ከዓይን ቆብ መውደቅ፣ ከብሌን መስፋት፣ ከአንደበት መተሳሰር ወይም ከአንድ ጎን መዛል ጋር ከመጣ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ የዚያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ቀዶ ጥገናን መፍራትዎ ይገባኛል፤ ሆኖም የመጀመሪያው እርምጃ እምብዛም እሱ አይደለም። በሁለቱ ዓይኖች አቅጣጫ መካከል ያለውን መጠነኛ ልዩነት ፕሪዝም (ብርሃንን የሚያጥፍ መስታወት) ያለው መነጽር ሁለቱን ምስሎች በማቀራረብ ያስተካክለዋል፤ አንዱን ዓይን መሸፈንም ለጊዜው ያሳርፋል። ቀዶ ጥገና የሚታሰበው ልዩነቱ ለወራት ሳይለወጥ መቆየቱ በተደጋጋሚ ልኬት ሲረጋገጥ ነው። እስከዚያው መኪና አይንዱ። ወደ ሐኪም ሲሄዱ የልጅነት ፎቶግራፎችዎን ይያዙ፤ በእነሱም ላይ ራስዎን ዘንበል አድርገው ከተገኙ፣ ችግሩ የቆየ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።